ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የገባኝ፦ መኪና ወዳዱ የአክስቴ ልጅና እኔ

ፍሬን ዘይት እንደሚቀየር ያወቅኩት መኪና በያዝኩ በስድስተኛው ዓመት ነው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እግሬ ሥር ወለል ድረስ ሲሰምጥብኝ ገባኝ።

የደሴ ሰው ሐረጎን ያውቀዋል። ለማያውቀው ልንገር፦ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያን ሁሉ ከፍታ ባብዛኛው በሐረጎ ጥምዝምዝ ነው የምንወርደው፤ ባንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል የተቆረጠ ተራራ። እኔ ደሴ ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስለምወርድ በሳምንት ቢያንስ አንዴ እመላለስበታለሁ። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከእኔ በፊት በነበረው ባለቤት እጅ ነው የቆመው፤ ስንት እንደሄደች የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ነው።

ሐምሌ ነበር። ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ አይታይም። ከፊቴ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ይወርዳል፤ መቅደም አይታሰብም። እንደ ልማዴ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሹን ዜሮ አድርጌ፣ እግሬን ፍሬን ላይ ጭኜ እከተለዋለሁ። ጥቂት እንደወረድኩ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የሲኖትራኩ ነው አልኩ። ሁልጊዜ የሚሸተው የሌላ ሰው መኪና ነዋ! ከዚያ አንድ ኩርባ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ቅቤ የረገጥኩ ያህል ለሰለሰና ወረደ። ደጋግሜ ረገጥኩ፤ በሦስተኛው ትንሽ ያዘ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ከዚያ አንደኛ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ ወደ ተራራው ጠርዝ ተጠጋሁና አንዱን የፊት ጎማ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ወርጄ ጎማ ሥር ድንጋይ ሳስገባ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የደወልኩት ለአክስቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ እሱም እንደኔው ኮሮላ አለው፣ ያውም የአንድ ዘመን ሥሪት። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አያትና የልጅ ልጅ ነው የሚመስሉት። ልጅየው መኪና ወዳድ ነው። ከደመወዙ ተርፎት ሳይሆን ከምሳው ቀንሶ የሚወድ ዓይነት። ደርሶ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ኮፈኑን ከፈተና የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ላይ የስልኩን መብራት አበራ።

«ይሄን መቼ ነው የቀየርከው?»

«ምኑን?»

«ፍሬን ዘይቱን።»

«ፍሬን ዘይት ይቀየራል እንዴ? ሲጎድል ይጨመራል እንጂ።»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። «ኧረ በአላህ! አዲሱ እንደ በረካ ቀጭን፣ ነጣ ያለ ነው። ያንተው አቦል ሆኗል!» አለ። እውነቱን ነው፤ ጥቁር ነበር።

ያን ዕለት መንገድ ዳር ቆመን ያስረዳኝን ልንገራችሁ፤ ይሄን ቢያውቁ በብዙ የማውቃቸው ነጂዎች ላይ የደረሰው ባልደረሰ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መኪናው ውስጥ ተከድኖ ቢቀመጥ እንኳ በቱቦው ላስቲክም፣ በክዳኑም ቀስ እያለ ውሃ ይገባዋል። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠግብ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየጋለ ሲሄድ 140 ሩቅ አይደለም። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲገፋ ይገፋል፤ እንፋሎት ግን ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ስለዚህ እግርህ ይወርዳል፣ ፍሬኑ አይይዝም። ተንኮሉ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ይመለሳል። እኛም አንድ አርባ ደቂቃ ቆመን ስንረግጠው ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠጥሮ ተገኘ። ደሴ ወጥቼ ጋራዥ ብገባ ኖሮ መካኒኩ ረግጦ አይቶ «አብሽር፣ ምንም የለበትም» ይለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት አንዱ እንደዚሁ ብሎኛል።

አብሽር። ይህቺ ቃል የኛ የወሎዎች መድኃኒት ናት፤ ለታመመም ለከሰረም እንላታለን፣ እኔ ደግሞ መኪናዬን ስድስት ዓመት በሷ ነዳሁ። መሪው ሲንቀጠቀጥ አብሽር፣ መብራቷ ሲበራ አብሽር። ተራ ነጂ ሰነፍ ወይም ግድየለሽ ስለሆነ አይመስለኝም። መኪና የምታሳስበን ስትቆም ብቻ ነው፤ እስክትቆም ሱቁ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የማደያው ሰልፍ ይበቃናል። የአክስቴ ልጅ ግን መኪናዋ ሳትቆም የሚጠይቃት ነገር አለው። ሰው ልዩነቱ ገንዘብ ወይም እጅ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ልዩነት እሱ ቀድሞ ይጠይቃል፣ እኔ ዘግይቼ እከፍላለሁ።

የሚጠይቅበት መንገድ ደግሞ ርካሽ ነው። ቤቱ ባደርኩበት ሌሊት ከመተኛቱ በፊት ከሱቅ ያመጣውን ካርቶን ዘርግቶ ሞተሩ ሥር ሲያስገባ አየሁት። «ማታ ሽንቷን ትሽናበት፣ ጠዋት ምርመራውን እናያለን» አለኝ። ጠዋት ካርቶኑን አውጥቶ እንደ ሐኪም ያየዋል። ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ኩላንት፤ ቀይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት። ከጎማው አጠገብ ቀጭን፣ ቅባት የመሰለ እርጥበት ካዩ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መንዳት የለም። አየር ማቀዝቀዣ ካላት ንጹሕ ውሃ ጤና ነው። የጠብታው ቦታ ደግሞ ከየት እንደመጣ ያሳያል፤ ለዚህ ነው ካርቶኑን ሲያስገባ የፊቱን ጎን በቀስት ምልክት የሚያደርግበት። እኔ አስፋልት ላይ፣ አፈር ላይ፣ የሰው ግቢ ውስጥ ሳቆም ስንት ዓመት ስታንጠባጥብ እንደኖረች አላውቅም።

ሌላው ጆሮው ነው። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ ሬዲዮውን አጠፋና መስኮቱን አውርድ አለኝ። መንገዱ ተራራውን ቆርጦ በሚያልፍበት፣ ግድግዳው ቅርብ በሆነበት ቦታ ቀስ ብለህ ንዳ አለ። ድምፁን ግድግዳው መልሶ ያመጣዋል። በገላጣ ሜዳ የማይሰማው ጉርምርምታ እዚያ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወደ ግራ ስትታጠፍ ቢጨምር የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት) ነው፣ ምክንያቱም ክብደቱ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ጨመረ። የቀኙ ነበር። ኩሽኔታው ከመበተኑ በፊት ቀየርነው፤ ቢበተን ኖሮ ማረፊያውን ጭምር ይዞ ይሄድ ነበር።

ጎማ ላይ የሠራሁት ስሕተት የብዙዎቻችሁም ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎማ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። አንድ ሻጭ 1216 የሚል አሳይቶኝ «የ16 ነው፣ ያምና ጎማ ነው፣ ገና አዲስ» አለኝ። እኛ ያኔ 2017 ዓ.ም. ላይ ነበርን፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። የአክስቴ ልጅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 2016 በ12ኛው ሳምንት፣ ማለትም በኛ 2008 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ። አዲስ ጥርስ ያለው፣ ግን መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ያለፈው ጎማ ነው የገዛሁት። ጎኑን ጎንበስ ብዬ ስመለከት እንደ ደረቀ ጭቃ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል። ሻጩ ዋሽቶኝ ይሁን እሱም ሳያውቅ አላውቅም። ጎማ ስትገዙ ከቁጥሩ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ። ላስቲክ ባይሄድም ያረጃል፤ ጥርሱ አዲስ መሆኑ አያድነውም።

የሙቀቱ ጉዳይ ደግሞ አለ። መኪናዬን ስገዛ ተርሞስታት የሚባለው ዕቃ አልነበራትም። የቀድሞው መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል፤ «ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፣ እኛ ጋ ማሞቂያ እንጂ ሌላ አይደለም» ይላሉ። ይህን ያልሰማ ነጂ ያለ አይመስለኝም። እንደገባኝ ከሆነ ተርሞስታት ሞተሩ በቶሎ ወደሚሠራበት ሙቀት እንዲደርስ ውሃውን ይዞ፣ ሲደርስ የሚለቅ በር ነው። ሲወጣ ውሃው ሁልጊዜ ይዞራል፤ እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ቤንዚን እየበላ ሱቅ ይደርሳል። የሚሞቅ መኪና ካለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጊያ፣ ወይም የኔ እንደነበረው የራዲያተር ክዳን። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያንን የሚከላከለው ክዳኑ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው፤ ውሃውን አፍኖ በግፊት ይይዘዋል። የኔው ላስቲክ አልቆ በፌስታል ነበር የሚከደነው። ፌስታሉን ያደረግኩት ራሴ ነኝ። ውስጡም ኩላንት አልነበረም፤ ከምንጭ የተቀዳ ውሃ፣ ሲወጣ የሸክላ ቀለም ያለው። ስናጥበው የወጣው ዝገት አንድ ጣሳ ይሞላ ነበር። ታዲያ የጋለ ራዲያተር ክዳን እንዳትከፍቱ፤ የፊት ጠባሳ ያለበት ነጂ ብታዩ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን እንደሰማችሁኝ የአክስቴን ልጅ አሞገስኩት። ሐቁን ልናገር፣ መኪና ወዳድም ያብዳል። ይሄ ሰውዬ አንድ ዓመት መኪናዋን ዝቅ አደርጋለሁ ብሎ ሞላዋን ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ጉብታ ሁሉ ሆዷን ይፍቅ ጀመር፤ ባቲ መንገድ ላይ አብሬው ስወርድ በያንዳንዱ ጉድጓድ እኔ ነኝ «ያ አላህ» የምለው። ማርሚታውን አውጥቶ የሚጮኽ አደረገላት፤ ጎረቤት ተሰብስቦ እስኪለምነው ድረስ ሌሊት ፈረቃ ሲወጣ ሰፈሩን ይቀሰቅስ ነበር። ነጭ የሚያሳውር መብራት አስገባ፤ ከፊት የሚመጣ ሰው ገደል ቢገባ ግድ አልነበረውም፣ እኔ ራሴ አንዴ ሐረጎ ላይ በመብራቱ ታውሬ ቆሜአለሁ። ሞተሩን በግፊት ውሃ አጠበው፤ አብረቀረቀ፣ ፎቶ አነሣው፤ በነገታው የካንዴላው ገመድ ውሃ ገብቶበት መኪናዋ አልነሳ አለች። ባለቤቱ አንዴ ስትናገር ሰምቻታለሁ፦ «ኮፈኑን በሚያብስበት ጨርቅ አንድ ቀን ጠረጴዛ ቢያብስ ሐጅ የሄደ ያህል እቆጥርለታለሁ።»

ስለዚህ ከሱ የወሰድኩትም የተውኩትም አለ። የወሰድኩት የማይታየውን ነው። መኪና ወዳድ ሰው ስታገኙ ምን ግዛ እንደሚላችሁ አትስሙት፤ ምን እንደሚሰማ፣ የት ጎንበስ እንደሚል ተከተሉት።

መኪና ወዳድ ሳይሆኑ መኪና የሚጠብቁም አሉ፣ እነሱን መርሳት ነውር ነው። አጎቴ በአሰብ መስመር ኤንትሬ የነዱ ሰው ናቸው፤ ፊያት 682 ኤን3 የጭነት መኪና፣ ሾፌሩ ሁሉ ኤንትሬ ያላት። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ፤ መስመሩ በ1990ው የኤርትራ ጦርነት እስኪዘጋ። አንድ ቀን ደሴ ስወስዳቸው ከመግባታቸው በፊት በከዘራቸው አራቱንም ጎማ መታ መታ አደረጉ። አየር የጎደለው ድምፁ ያስታውቃል። ከዚያ ሐረጎ ላይ ወደ ታች ስንመለስ፣ ማርሹን ዜሮ ላደርግ ስል እጄን በከዘራቸው ነካ አደረጉኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን አቀበት በስንት ማርሽ ነው የወጣኸው?» «በሁለተኛ።» «እንግዲያው በሁለተኛ ውረደው።» ሌላ ትምህርት አልሰጡኝም። ኤንትሬ ጎታች ጭና ስትወርድ ሞተሩ እንዲይዛት ካልተደረገ ፍሬን ብቻውን አያቆማትም ነበር። ለኔዋ ኮሮላም ያው ነው። ለነዳጁም ብላችሁ አትጨነቁ፤ ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጩ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጡታል። በዜሮ የሚወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ እየበላ ነው የሚወርደው።

አሁን እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ የሃምሳ ቅጠል ደብተር አለኝ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ስለማይሠራ በወር ነው የምቆጥረው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ መስከረም ላይ አንዴ፣ መጋቢት ላይ አንዴ። የአክስቴ ልጅ በዒድ እንቀይረው ብሎ ነበር፤ ዒድ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚሄድ ዘይቱም አብሮ ይሄድብኛል ብዬ እምቢ አልኩ። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ፣ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ሲቀየር እኔ ፔዳሉን እየረገጥኩ፣ መካኒኩ በየጎማው አሮጌውን እያወጣ፣ ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ እቆማለሁ፤ ማጠራቀሚያውን ብቻ አፍስሶ የሚሞላ አለና። የተከፈተ ቆርቆሮ አልቀበልም፣ እርጥበት ስቦ ቆይቷል። በዚያው የፍሬን ሸራውን አውጥቶ ያሳየኛል። ጎማ አየር በየሰኞው ባቲ ከመውረዴ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት። የመሪ ዘይትና ኩላንት አይን ብቻ ነው የሚፈልጉት። መካኒክ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ቅር ይላቸው ነበር፣ አሁን ለምደውኛል።

ማጠብ? ጭቃው ሲበዛ ነው። ሰም አልቀባም። ወንበሯ የተቀደደ ነው፣ ጨርቅ ሻጭ ሆኜ እንኳ አልሰፋሁላትም፣ ይህ የኔ ነገር ነው።

ያለፈው ዓረፋ የአክስቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ደሴ እኛ ጋ አደረ። መኪኖቻችን ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን። እኔ ማታ ካርቶን ስዘረጋ ለሱዋም አንድ አስገባሁ፤ ነገሩ ለቀልድ ነበር፣ እሱም ሳቀብኝ፣ «የኔን ደግሞ ምን ትመረምራለህ?» ብሎ። ጠዋት ከሶላት መልስ ካርቶኖቹን ሳወጣ የኔው ደረቅ ነው። የሱ ላይ እንደ ሳንቲም የሰፋ ጥቁር ጠብታ፣ ከጎኑም ሁለት ትንንሽ። በፊቱ ሳምንት ጓርኒሲዮኑን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን) ራሱ ቀይሮ ነበር፤ መካኒክ አያስነካትማ። ምንም አልተናገረም። አዲሱን ነጭ ጀለቢያ እንደለበሰ ካርቶኑን ተቀብሎኝ መሬት ላይ ዘረጋውና በጀርባው ተኝቶ መኪናዋ ሥር ገባ። አክስቴ ከበረንዳው ትጮኻለች፣ ጀለቢያው እያለች። ከሥር የሚሰማው ድምፅ «የአሥራ ሁለት ቁልፍ አቀብለኝ» ብቻ ነበር።